በሁለቱም ቤት ለቅሶ አለ

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት አንዱን ፓርቲ ለመደገፍ ወይም ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። የማነሣው ጉዳይ ግን የመሪዎች ሥራ ስለሆነ ስማቸውን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፖሊስ ሰው ሲገድል፣ ፖሊስም ሲገደል፣ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ምን ማለትና ምን ማድረግ አለበት? ይህ የቤተ መንግሥት ጥያቄ ብቻ አይምሰላችሁ። መሪዎች የተናገሩት ቃል በማግሥቱ ወደ ቤታችን ይገባል። ባልና ሚስት በእራት ገበታ ላይ ይነጋገሩበታል፤ ልጆችም ቁጭ ብለው ይሰሙታል።

አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ከተሞች

ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። በዚያች ቀን የፌዴራል የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባላትን ለመያዝ በጎንደር ከተማ ተሰማሩ። ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ሲሞክሩ ተኩስ ተከፈተ። ከጸጥታ ኃይሉም ከነዋሪውም ሰው ሞተ። ከተማዋ ተናወጠች፤ ሱቆችና መንገዶች ተዘጉ። ኮሎኔሉም በመጨረሻ እጃቸውን ለክልሉ መንግሥት ሰጡ። እኔና ባለቤቴ ያኔ የምንኖረው ማራኪ አካባቢ ነበር። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን ከመስኮት አርቀን፣ ወለል ላይ አስቀምጠን ዋልን።

በዚያው ማክሰኞ በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ፣ ትልቅ የመታሰቢያ ጸሎት ይደረግ ነበር። ከ5 ቀን በፊት በዚያች ከተማ ሰላማዊ ሰልፍ ተካሂዶ ነበር፤ ምክንያቱም ፖሊሶች አልተን ስተርሊንግና ፊላንዶ ካስቲል የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያንን በተለያዩ ከተሞች ተኩሰው መግደላቸው ነው። ሰልፉ በሰላም እየሄደ ሳለ አንድ ታጣቂ ለጥበቃ የተሰማሩ 5 ፖሊሶችን ገደለ። በመታሰቢያው ላይ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና ከእርሳቸው በፊት አገሪቱን የመሩት ጆርጅ ቡሽ፣ የተለያየ ፓርቲ ሰዎች ሆነው ሳሉ፣ በአንድ መድረክ ተገኙ። ለሟቾቹ 5 ባዶ ወንበሮች ተተውላቸው።

ኦባማ የአምስቱን ፖሊሶች ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ነበሩም ተናገሩ። በዚያ አላበቁም። በዚያው ንግግር በፖሊስ የተገደሉትን የስተርሊንግንና የካስቲልንም ስም ጠሩ። ነቢዩ ሕዝቅኤል የድንጋይ ልብ ወጥቶ የሥጋ ልብ ስለ መሰጠቱ የተናገረውንም አነሡ (ሕዝ. 36፥26)። ቡሽ በበኩላቸው ሌላውን ወገን በውስጡ ባሉት ክፉ ሰዎች እንደምንመዝን፣ ራሳችንን ግን በመልካም ሐሳባችን እንደምንመዝን ተናገሩ።

ውድ አንባቢያን፣ አሜሪካን ለማመስገን ይህን አላነሣሁም። ከዚያ ንግግር 5 ቀን በኋላ በባተን ሩዥ ከተማ ሌሎች 3 ፖሊሶች ተገድለዋል። ካስቲልን የገደለው ፖሊስም በቀጣዩ ዓመት ከክሱ ነጻ ወጥቷል። ንግግር ብቻውን ደም አያቆምም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን የፖሊሱ ሚስትም የካስቲል እናትም የሟቻቸውን ስም ከአንድ መሪ አፍ ሰምተዋል። በእኛዋ ጎንደር በዚያው ማክሰኞ የወጣው መግለጫ ስለ ተጠርጣሪዎችና ስለ ሕግ ማስከበር የሚያወራ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ በበኩሉ ስለ ጀግንነት አወራ። የሁለቱን ወገን ሟቾች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጠርቶ ያዘነ መሪ ግን እኔ አልሰማሁም።

«እርምጃ ተወሰደ»

በዚህ ጉዳይ ላይ ቋንቋችን ራሱ ታሟል። የመንግሥት መግለጫ «እርምጃ ተወሰደ» ይላል። ማን ወሰደው? በማን ላይ? የሞተው ሰው ስሙ ማን ነበር? ዓረፍተ ነገሩ አድራጊ የለውም። ሰው ሞቶ ሳለ ገዳይ እንደሌለ ያስመስላል። ይህ አነጋገር ትናንት የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን «አብዮታዊ እርምጃ» ይባል ነበር። በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ጊዜ የጎንደር እናቶች ያን ቃል በሬዲዮና በወሬ ሲሰሙ የልጆቻቸውን ሬሳ ፍለጋ ይወጡ እንደ ነበር ዛሬም የሚያስታውሱ አዛውንቶች በመካከላችን አሉ።

ሕመሙ ግን በመንግሥት አፍ ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን «ፀረ ሰላም ኃይል» ሲል ሌላው «ባንዳ» ወይም «ቅጥረኛ» ብሎ ይመልሳል። «ፀረ ሰላም ኃይሎች ተመቱ» ሲባል የሞተው ተማሪ እናት ልጅዋን በዚያ ቃል ውስጥ አታገኘውም። «ባንዳው ተደመሰሰ» ሲባልም የፖሊሱ ልጆች ማታ እንጀራ ይዞላቸው ይመጣ የነበረውን አባታቸውን በዚያ ቃል ውስጥ አያገኙትም። ቃሉ ሟቹን ከሰውነት አውጥቶታል። ከሰውነት የወጣን ሰው ደግሞ ነገ መግደል ይቀላል።

የጎንደር ፖሊስ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከደምቢያ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወይም አቋርጦ፣ በወር ደመወዙ ቤት ተከራይቶ፣ ከዚያችው ላይ ለእናቱ የሚልክ ነው። ሰልፍ የወጣው ወጣት ማን እንደሆነም እናውቃለን። የዚያው አገር ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በአንድ የጸሎት ክብ ውስጥ

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ 24 በጎንደር እጅግ ብዙ ሕዝብ የወጣበት ሰልፍ ተደረገ። ፈቃድ አልተሰጠውም ነበር፤ ሆኖም በሰላም ተጠናቀቀ። ሰውና ጠመንጃ ያዥ በአንድ አደባባይ ሊውሉ እንደሚችሉ በዓይናችን አየን። ሳምንት ሳይሞላ ግን በክልሉ ከተሞች ደም ፈሰሰ። ነሐሴ 1 ቀን በባሕር ዳር ብቻ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታወቀ።

በዚያ ወር የቤት ኅብረታችን ረቡዕ ማታ መሰብሰቡን አላቋረጠም፤ ሰዓቱን ብቻ ወደ ቀን አመጣነው። በክቡ ውስጥ አንዲት የፖሊስ ሚስት ነበረች። ባልዋ ለስንት ቀን እንደ ወጣ አታውቅም። የታጠበ የደንብ ልብሱን ደጅ ማስጣት ትታ በጓዳ ገመድ ወጥራ ታደርቅ ነበር፤ ጎረቤት እንዳያየው። ከጎንዋ የምትቀመጠው እናት ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ልጅዋን ፖሊስ እንዳይወስደው ፈርታ ወደ ዳባት ወንድምዋ ዘንድ ሰድዳዋለች። አንዷ የምትፈራው የሌላዋን ወገን ነው።

የጸሎት ርእስ ሲሰበሰብ እናቲቱ «ለልጆቻችን እንጸልይ» አለች። የፖሊሱ ሚስት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። በመካከላችን ያሉት ትልቅ እናት፣ ሁላችን እማማ የምንላቸው፣ ነገሩ ገባቸውና «አንቺስ ልጄ? ባልሽ የማን ልጅ ነው? እርሱም የሴት ልጅ አይደለም ወይ?» አሉ። ከዚያ የሁለቱንም እጅ ያዙና እርሳቸው ራሳቸው ጸለዩ። ጸሎታቸው አጭር ነበር፤ የፖሊሱን ስምና የተማሪውን ስም አንድ ላይ ጠርተው «ሁለቱንም በሕይወት መልስልን፤ አንዱን በሌላው እጅ አትጣልብን» አሉ። ሁለቱ ሴቶች አብረው አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ለልቅሶ የተለመነ አልነበረም።

እኒያ እናት የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ያደረጉት ግን በዳላስ መድረክ ላይ ከተደረገው ጋር አንድ ነበር። የሁለቱን ስም በአንድ እስትንፋስ ጠሩ።

ዳዊት ከቃሬዛው ኋላ

ቅዱስ ቃሉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ላይ ያለውን ታሪክ አንብቡት፤ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አበኔር የሳኦል ቤት የጦር አለቃ ነበር። በጦርነት ላይ የኢዮአብን ወንድም አሣሄልን ገድሏል። ኋላ ከዳዊት ጋር ሊታረቅ መጥቶ በሰላም ተሸኘ። ኢዮአብ ግን አስጠርቶ በከተማይቱ በር አጠገብ ገደለው። በእኛ አገር አነጋገር ደሙን መለሰ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ገዳዩ የንጉሡ የራሱ የጦር አለቃ ነው። ሟቹ ደግሞ ለዓመታት የጠላት ወገን የነበረ ሰው ነው። ዳዊት «እርምጃ ተወሰደ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን ሦስት ነገር አደረገ። ግድያውን በአደባባይ አወገዘ። ሕዝቡም፣ ገዳዩ ኢዮአብ ራሱም፣ ልብሳቸውን ቀድደው ማቅ ለብሰው እንዲያለቅሱ አዘዘ። እርሱም ከቃሬዛው ኋላ በእግሩ ሄደ፤ በመቃብሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ፀሐይ እስክትገባም እህል አልቀመሰም። ሕዝቡ ሁሉ ይህን አይቶ ግድያው ከንጉሡ እንዳልሆነ አወቀ ይላል። አገሪቱ ወደ ሌላ ጦርነት ያልገባችው በዚያ ልቅሶ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ለመሪዎች ትልቁ ማስጠንቀቂያም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዳዊት የጽሩያ ልጆች በርትተውብኛል ብሎ ኢዮአብን ለፍርድ ሳያቀርብ ቀረ። ኢዮአብም በሥልጣኑ ቆየ። ዓመታት አልፈው ሌላውን የጦር አለቃ አሜሳይን በዚያው ዓይነት መንገድ ገደለ (2ሳሙ. 20፥10)። ዳዊት በሞት አልጋው ላይ ሳለ ይህን ያልተከፈለ ዕዳ ለልጁ ለሰሎሞን አወረሰው (1ነገ. 2፥5-6)። ያለ ፍርድ የቀረ ልቅሶ ዕዳውን ለልጅ ያስተላልፋል።

ሬሳው የማን ሜዳ ላይ ነው?

ከልቅሶ በኋላ መሪ የሚጠበቅበት እውነትን ማውጣት ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ላይ የተገደለ ሰው ሬሳ ሜዳ ላይ ሲገኝ ምን ይደረግ እንደ ነበር ተጽፏል። ሽማግሌዎችና ፈራጆች ይወጣሉ፤ ከሬሳው እስከ ከተሞቹ ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች በእግዚአብሔር ፊት ቆመው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ደሙን እንዳላፈሰሱ ይናገራሉ። «የኛ ጉዳይ አይደለም» ማለት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሬሳ የሚጠየቅ ሽማግሌ አለ። የቀድሞ አባቶቻችንም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ወንጀል ሲፈጸምና አድራጊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይመክራል፤ እውነቱ እስኪወጣ ይመላለሳል። ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን ደም ሜዳ ላይ ተረስቶ መቅረት የለበትም የሚል እምነት ነበረበት።

እስቲ በዚህ ሚዛን የአገራችንን መሪዎች እንመልከት። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዘገበ። ኮሚሽኑ የሁለቱንም ወገን ሟቾች መቁጠሩ ደግ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሞቱት ሰዎች ማዘናቸውን ገልጸው፣ ሆኖም የእጅ ቦምብ የሚወረወርበት ሰልፍ ተራ ሰልፍ እንዳልሆነ ተናገሩ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ግን ከአገር ወጡ፤ አባላቱ 8 ለ2 በሆነ ድምፅ የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ወስነው እንደ ነበርም አስታወቁ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት የያዘው ድምዳሜ የዚያን ተቃራኒ ነበር። ርቀቱ ተለክቶ ነበር፤ ልኬቱ ግን ተቀየረ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ስለ ጠፋው ሕይወት በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀው ነበር። በአገራችን ያልተለመደ ነገር ስለ ነበር ብዙዎቻችን ተስፋ አደረግን። በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ግን በአማራ ክልል ላለው ሁኔታ የመከላከያ ሠራዊቱ እርምጃ እንዲወስድ ማዘዛቸውን አስታወቁ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኃላፊ ገለልተኛ ታዛቢዎች ይግቡ ብለው ያቀረቡት ጥያቄም ተቀባይነት አላገኘም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ 10 ወርም ቆየ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በሁከቱ 669 ሰዎች መሞታቸውን ለፓርላማ አቀረበ፤ ከእነዚህ 140ው በአማራ ክልል የሞቱ ናቸው። ከሟቾቹ መካከል የጸጥታ ኃይል አባላትም ነበሩ።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት ኮሎኔል ደመቀ ተፈቱ፤ በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ብዙ እስረኛ የተሠቃየበት ማዕከላዊ ተዘጋ። ሰኔ 11 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ ቆመው ሰው መግረፍና በጨለማ ክፍል ማሠቃየት ራሱ የሽብር ሥራ እንደ ነበር፣ ይህንንም መንግሥት እንዳደረገው አመኑ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ያለቀሰ ሰው ብዙ ነው። መሪ በመንግሥት እጅ የተሠራውን ክፉ ሥራ በስሙ ሲጠራ የተበደለ ሰው ልብ ምን ያህል እንደሚያርፍ ያኔ አየን። በቀጣዩ ዓመት የእርቀ ሰላም ኮሚሽንም በአዋጅ ተቋቋመ።

ሆኖም የዳዊት ጉድለት የእኛም ጉድለት ሆነ። ንስሐው በቃል ተነገረ፤ ፍርዱና እርቁ ግን ከዳር ሳይደርስ ሌላ ደም ቀደመው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በባሕር ዳር፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ በአዲስ አበባ ተገደሉ። የገደሏቸው ጠመንጃ የያዙ የአገራቸው ሰዎች ናቸው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ሳቢያ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ጎንደርም የተኩስ ድምፅ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በክልላችን ፖሊሶች፣ ሚሊሻዎችና የቀበሌ ሹማምንት ተገድለዋል። በመንግሥት ኃይሎች እጅም ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. በመርዓዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን አሳውቋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መሪዎች ይህን ተረት ሊያስታውሱት ይገባል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ወረቀቱ መልካም ነው። የሚለካው ግን የመርዓዊዋ እናትና የተገደለው ሚሊሻ ሚስት በአንድ ችሎት ፊት እኩል ሲሰሙ ነው። ሌላው ዓለምም ያስተምረናል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ ዴሪክ ሾቪን በሚኒያፖሊስ ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት የራሱ የፖሊስ አዛዥ በፍርድ ቤት ቀርቦ መስክሮበታል። ያ ምስክርነት ፖሊስን አላዋረደም፤ በሐቀኛው ፖሊስና በገዳዩ መካከል መስመር አሰመረ እንጂ።

ሚዛኑ ምንድን ነው?

አንዳንዶች «ታዲያ ፖሊስ እጁን አጣጥፎ ይገደል ወይ?» ይላሉ። አይደለም። መንግሥት ሰይፍን በከንቱ እንደማይታጠቅ ሮሜ 13 ያስተምረናል። ግን ሰይፉ ሚዛን አለው። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሕ፣ ፖሊስ ሰው ለመግደል አስቦ መተኮስ የሚችለው ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፍ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ማሳወቅ እንጂ መለመን አይደለም። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። በማንም ግፍ እንዳይሠሩ፣ በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው (ሉቃ. 3፥14)። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከእግዚአብሔር ፊት የተባረረ አይደለም፤ ነገር ግን ይጠየቃል።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ለመናገር ታሪክ አለን። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአምልኮ የተሰበሰቡ ወደ 250 የሚጠጉ የሙሉ ወንጌል ምእመናን በፖሊስ ታስረዋል። አባቶቻችን የፖሊስን ዱላ ያውቁታል። ዛሬ ደግሞ በየአጥቢያችን ፖሊሶችና ሚስቶቻቸው ከጎናችን ተቀምጠው ያመልካሉ። ሁለቱንም ወገን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በሁለቱም ላይ ሐሰት መናገር አይገባውም።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ?

ባለቤቴ አንድ ቀን «ዜና ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንት ሰው ሞተ ብለን አይደለም፤ ከማን ወገን ብለን ነው» አለችኝ። ይህ አነጋገሯ ከልቤ አልወጣም። በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ልጆች ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ ፖሊስ መሆን የሚፈልግ ልጅ ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ ከማን ተማሩት? ከእራት ገበታችን አይደለም ወይ? ስለዚህ ባለትዳሮች ሆይ፣ እኔና ባለቤቴ ተስማምተን የምንጠብቃቸውን ሦስት ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በልጆች ፊት ማንንም ሟች በቅጽል ስም አንጠራም። «ባንዳ» ወይም «ፀረ ሰላም» የሚለው ቃል በቤታችን ደጃፍ ላይ ይቀራል። «አንድ ሰው ሞተ፤ እናት ነበረችው» እንላለን።

ሁለተኛ፣ በቤተሰብ ጸሎት ስለ መሪዎች ስንጸልይ (1ጢሞ. 2፥1-2) ለይተን እንጸልያለን። ለሁለቱም ወገን ሟች የሚያለቅስ ዓይን፣ እውነትን የማይፈራ ጆሮ፣ በወዳጅም ላይ የሚፈርድ እጅ እንዲሰጣቸው እንለምናለን። «መሪዎቻችንን ባርክ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ምን እንደምንለምን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ለቅሶ ስንደርስ አንመርጥም። ፖሊስ የሞተበት ቤትም እንሄዳለን፤ ወጣት የሞተበት ቤትም እንሄዳለን። ሰው ያየናል፤ አንዳንዱም ይታዘበናል። ይታዘብ። እድር ያለበት አገር ለቅሶ ቤት በመሄድ ምን እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ አዋጅ አናወጣም፤ ሠራዊትም አናዝዝም። ነገር ግን ነገ አዋጅ የሚያወጣውና የሚያዝዘው ሰው ዛሬ በአንዳችን ቤት ጉልበት ላይ ተቀምጦ ይሰማናል። ለአንዱ ብቻ ማልቀስ የለመደ ልጅ ሲሾም ለአንዱ ብቻ ያለቅሳል። ለሁለቱም ማልቀስን፣ እውነትን መጠየቅን፣ በራስ ወገን ላይም መፍረድን ከወላጆቹ የተማረ ልጅ ግን ከዳዊት የተሻለ መሪ ሊሆን ይችላል። ጌታ ቤታችሁን እንዲህ ያለ ሰው የሚያድግበት ቤት ያድርገው። አሜን።